አያ ምናለ እና አምስተኛው ቁጥር

አያ ምናለ ማረፋቸውን የነገረችኝ የቀድሞ አከራዬ ልጅ መቅደስ ናት። ስልኩን ሳነሣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም፣ “ግዛቸው፣ አያ ምናለ አረፉ። ዳንግላ እኅታቸው ቤት ነው። ትናንት ቀበርናቸው” አለችኝ።

ከአፌ መጀመሪያ የወጣው ቃል፣ “እርግጠኛ ነሽ?” የሚል ነበር። ወዲያው አፈርኩ። ቀበርናቸው እያለች እርግጠኛ ነሽ ይባላል? መቅደስ ግን አልተቀየመችም። ሳቅም ለቅሶም በተቀላቀለበት ድምፅ፣ “እሳቸውም ቢሆኑ እንዲህ ነበር የሚጠይቁት” አለችኝ። ነገ ሠልስታቸው እንደሆነ ነግራኝ ስልኩን ዘጋች። ያኔ ወደ ደብረ ማርቆስ ተዛውሬ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት የመጀመሪያውን መኪና ይዤ ወደ ዳንግላ ተነሣሁ፤ መንገዱን ሙሉ የማስበው ስለ አንድ ቅዳሜና ስለ አንድ እሑድ ነበር።

እንጅባራ የገባሁት በሁለት ሺህ አሥር ዓ.ም. ገደማ ነው። በአንድ የዞን መሥሪያ ቤት በዕቅድ ባለሙያነት ተመድቤ ነበር። የማውቀው ሰው የለም፤ ብርዱ አጥንት ውስጥ ይገባል። አንድ ደላላ ወስዶ ከእትዬ ስመኝ ግቢ አንድ ክፍል አከራየኝ። ትልቁ ቤት ውስጥ እትዬ ስመኝና ልጃቸው መቅደስ ይኖራሉ። ከጓሮ በአንድ ጣሪያ ሥር የተደረደሩ ሦስት ክፍሎች አሉ። መካከለኛው የእኔ ሆነ። በስተቀኝ ያለው የአያ ምናለ ነበር፤ በስተግራ ያለው ያኔ ባዶ ነበር።

አያ ምናለ ጡረታ የወጡ የስልክ መስመር ሠራተኛ ናቸው። አጭርና ደረቅ ያሉ ሰው ነበሩ፤ ለብዙ ዓመት ጥቅል ሽቦ የተሸከመው ቀኝ ትከሻቸው ከግራው ዝቅ ይላል። ሲሄዱ እግራቸውን ሳይሆን ወደ ላይ ምሰሶውን ነበር የሚያዩት፤ በዚህ የተነሣ ባጃጅ ሊገጫቸው ሲል ሁለት ጊዜ ጎትቻቸዋለሁ። ከካፖርታቸው ኪስ ፒንሳ አይጠፋም። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ልጅ አልነበራቸውም።

ደግሞ ተጠራጣሪ ናቸው። የእሳቸውን ያህል የሚጠራጠር ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ዝናብ መጣ ቢሏቸው እጃቸውን በመስኮት አውጥተው ያያሉ። ወተት ሻጯ ውኃ አልጨመርኩም ስትል፣ “ጨምረሻል መቼ አልኩሽ?” ብለው ጥፍራቸው ላይ አንዲት ጠብታ ያኖራሉ፤ መውረድ አለመውረዷን ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ ይከታተላሉ። ዳንግላ አብረን የሄድን ቀን ጋሪ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ጎማውን በእግራቸው መቱ፣ ፈረሱን ዞረው አዩ፣ ኮቴውን አስነሡ። ባለጋሪው ተናዶ፣ “አባቴ፣ ሊገዙት ነው ሊሄዱበት?” ሲላቸው፣ “ሕይወቴን ልሰጥህ ነው” አሉት ፈገግ ሳይሉ።

ሰው ወሬ ይዞላቸው ሲመጣ አንዲት ጥያቄ ነበረቻቸው። “አየኸው ወይስ ነገሩህ?” ይላሉ። አየሁት ካልክ ደግሞ፣ “የት ቆመህ?” ይከተላል። መጀመሪያ መጀመሪያ ያስቀኝ ነበር። ኋላ ግን ያስፈራኝ ጀመር።

ያስፈራኝ በደብተሩ ምክንያት ነው። ሽፋኑ ሰማያዊ የሆነ የተማሪ ደብተር ነበራቸው። ማታ ማታ ከሥራ ስገባ በራቸው ላይ በርጩማ አድርገው ይቀመጣሉ፤ የግቢው በር ሲንቋረር ቀና ብለው ያዩኛል፣ ሰዓታቸውን ያያሉ፣ አንዲት ነገር ጫር አድርገው ደብተሩን ይዘጋሉ። ጊዜው ሰው ሰውን በጎሪጥ የሚያይበት ነበር። ቢሮ ውስጥ እንኳ በር ዘግተን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር የምናወራው። ጡረተኛ ሰው፣ ብቻውን የሚኖር፣ መግቢያና መውጫዬን የሚጽፍ፤ ሌላ ምን ልበል? ለማን እንደሚጽፉ ብቻ ነበር ያላወቅሁት። ከዚያ በኋላ እሳቸው ካሉ ስልኬን ከግቢ ውጭ ቆሜ ማናገር ጀመርኩ።

የዚያ ቅዳሜና እሑድ ነገር መነሻ የሆነው ዋይፋይ የገባው እኔ ከመጣሁ ጥቂት ወራት በኋላ ነው። መቅደስ ለሁለተኛ ዲግሪ የትምህርት ዕድል ትፈልግ ነበርና እናቷ በስልክ መስመር የሚሠራ ኢንተርኔት አስገቡላት። ሊገጥም የመጣው ወጣት ባለሙያ አሁንም ድረስ ያሳዝነኛል። አያ ምናለ በርጩማቸውን አጠገቡ አድርገው ከጠዋት እስከ ምሳ ጠየቁት። ይህ ገመድ የት ይሄዳል? ይህች መብራት ለምን ትርገበገባለች? ሳጥኑ ማን ስልክ፣ ማን ኮምፒዩተር እንደሆነ በምን ይለያል?

“ለሚገናኘው ዕቃ ሁሉ ቁጥር ይሰጣል፣ አባቴ” አላቸው ልጁ። “አይፒ አድራሻ ይባላል።”

“ያንዱን ቁጥር ለሌላው ቢሰጥስ?”

“አይሰጥም።”

“አየኸው ወይስ ነገሩህ?”

ልጁ ወደ ገመዱ ተመለሰ። ከዚያን ቀን በኋላ አያ ምናለ መቅደስን ሥራ አስፈቷት። የሳጥኑን ገጽ በኮምፒዩተሯ እንድትከፍትላቸው ያደርጋሉ፤ የተገናኙት ዕቃዎች ከነቁጥራቸው ሲዘረዘሩ መነጽራቸውን አድርገው ያነባሉ። ሳጥኑ ራሱ አንድ ቁጥር ነው። የመቅደስ ስልክ ሁለት፣ ኮምፒዩተሯ ሦስት፣ የእኔ ስልክ አራት። እትዬ ስመኝም እሳቸውም የያዙት የቁልፍ ስልክ ስለነበር ከዝርዝሩ የሉም። እትዬ ስመኝ ለተከራዮቻቸው ፈቅደው ነበርና እኔም በስልኬና ከቢሮ ይዤው በምመጣው ላፕቶፕ እንደ ልቤ እጠቀም ነበር። ምንም ችግር አልነበረም።

ችግሩ የጀመረው አያሌው ከመጣ በኋላ ነው።

አያሌው የዘንገና አካባቢ ልጅ ነው፤ በአንድ ክሊኒክ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበር። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሰላምታ ሲሰጥ ጎንበስ የሚል። በግራዬ ያለውን ባዶ ክፍል ተከራየ። የይለፍ ቃሉን መቅደስ በወረቀት ጽፋ ሰጠችው። በሳምንቱ ኔትወርኩ መቆራረጥ ጀመረ። አንዴ የእኔ ላፕቶፕ ላይ ይጠፋል፣ አንዴ የመቅደስ ላይ። የዋይፋይ ምልክቱ አለ፣ ግን ምንም አይከፍትም። ብዙውን ጊዜ የሚሆነው ደግሞ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ነው፤ አያሌው ከሥራ የሚገባውም አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

መጀመሪያ ነገሩን ያገናኘሁት እኔ ነኝ። ይህን ዛሬም አልክድም። መቅደስ ኮምፒዩተሯን ታቅፋ ስታማርር፣ “ይህ ልጅ ከመምጣቱ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ነበር?” አልኳት።

ቃሉ እናቷ ጆሮ ገባ። እትዬ ስመኝ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን የዱቄቱን ፊት በጣታቸው ምልክት አድርገው ነው ዕቃውን የሚከድኑት። ከዚያን ቀን ጀምሮ አያሌው ሲገባ መስኮት ላይ ይቆማሉ። እኔም በበኩሌ ግድግዳው ስስ ነውና ጆሮዬን እጥላለሁ። ማታ ማታ ስልክ ይደውላል፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በአገውኛ ያወራል። ቋንቋውን አልሰማም። ስላልሰማሁት ሁሉም ነገር ምሥጢር መሰለኝ። ኔትወርኩን ምን እንደሚያደርገው ባላውቅም አንድ ነገር እንደሚያደርገው አመንኩ። አንድ ቀን ለአያ ምናለም፣ “በድብቅ የሚያወራው ነገር አለ” አልኳቸው።

“ለእናቱ ነው የሚደውለው” አሉኝ። “የፈረሳቸው እግር አብጧል። ቅቤ አትቀቡት፣ ወደ ሐኪም ውሰዱት እያለ ነው ሦስት ቀን የሚለምናቸው። አገውኛ እሰማለሁ።”

እሳቸውም በርጩማቸው ላይ ሆነው እንደ እኔ ጆሮ እንደሚጥሉ ነው ያሰብኩት። ስለ ፈረሱ አላሰብኩም።

ከዚያ የመቅደስ ነገር መጣ። ማመልከቻዋን በኢንተርኔት የምታስገባበት የመጨረሻው ቀን ዓርብ ነበር። የቀረቻት አንዲት ወረቀት ከተማረችበት ዩኒቨርሲቲ ዘግይታ ደርሳ፣ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብላ መላክ ጀመረች። አያሌው በዚያ ቀን ቀደም ብሎ ገብቶ ነበር፤ እኔም ላፕቶፔን ከፍቼ ሪፖርት እሠራለሁ። ገጹ ግማሽ ሄዶ ቆመ። እንደገና ሞከረች፣ እንደገና ቆመ። ሦስተኛ ጊዜ ኮምፒዩተሩን ይዛ ወደ ከተማ ወደ ኢንተርኔት ቤት ሮጠች፤ በዝናብ በስብሳ ስትደርስ ቤቱ ተዘግቷል። ተመልሳ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ እትዬ ስመኝ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው በቀጥታ ወደ አያሌው በር ሄዱ።

“ልጄ ምን አደረገችህ?” አሉት። “ምን በድላህ ነው ዕድሏን የምትዘጋባት?”

አያሌው በር ላይ ፎጣ ይዞ ቆሟል። “እኔ? ምን አደረግሁ እትዬ?”

“ግዛቸው አይቶሃል! አንተ ስትገባ ነው የሚቆረጠው።”

አያሌው ወደ እኔ አየ። እኔም፣ “አዎ፣ እሱ ሲገባ ይቆረጣል” አልኩ። ያልኩት እውነት ነበር። በዚያ ላይ ግን አንዲት ቃል ጨመርኩ። “ሆን ብሎ የሚያደርገው ነገር ሳይኖር አይቀርም።”

እትዬ ስመኝ ክፍላቸውን እንዲለቅ ነገሩት። ያ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። እሑድ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ባሉበት ነገሩ ታይቶ፣ ለክሊኒኩ ኃላፊም እንደሚነገር ተናገሩ። አያሌው ገና የሙከራ ጊዜውን አልጨረሰም ነበር። ለእሑዱ ምስክር የተባልኩት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። አያ ምናለ ናቸው፤ ደብተሩን በብብታቸው ይዘዋል።

“ያቺን የቢሮ ኮምፒዩተር ልያት” አሉኝ።

“አይቻልም፣ አያ ምናለ። የመንግሥት ሰነድ አለባት።”

“ሰነዱን ምን ላደርገው? ቁጥሯን ነው።”

የምን ቁጥር? ለወራት የያዝኩት ሁሉ በአንዴ ወጣ። “እስኪ መጀመሪያ እርስዎ ይንገሩኝ! ስለ እኔ በየቀኑ የሚጽፉት ምንድን ነው? ለማን ነው የሚጽፉት?”

አልተቆጡም። ደብተሩን ዘረጉልኝ። “አንብበው” አሉና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

ገለጥኩት። የእኔ ስም አለ፣ የመቅደስ አለ፣ የአያሌው አለ፣ የእሳቸው የራሳቸውም አለ። ማን በስንት ሰዓት ገባ፣ በስንት ሰዓት ወጣ፤ ከጎኑ ደግሞ ኔትወርኩ የተቆረጠበት ሰዓት። ከገጽ እስከ ገጽ ያው ነው። ከዋይፋዩ በፊት የነበሩት ገጾች ደግሞ መብራት የጠፋባቸውና የመጣባቸው ሰዓታት ነበሩ። ለራሳቸው እንጂ ለማንም አይጽፉም ነበር፤ ዕድሜ ልካቸውን የመስመር ብልሽት ሲመዘግቡ የኖሩ ሰው እጃቸው ሥራ መፍታት ስላልቻለ ነው።

“እዚህ ጋ እይ” አሉኝ፣ ጥፍራቸውን አንድ ገጽ ላይ አድርገው። “አንተ ለመስክ ሥራ ዳንግላ የሰነበትክባቸው አራት ቀናት ናቸው። አያሌው እዚህ ነበር። መቅደስም ነበረች። ስንት ጊዜ ተቆረጠ?”

አንድም ጊዜ አልተቆረጠም።

“ስትመለስ በዚያው ማታ ተቆረጠ። እኔ ልጁን ጠርጥሬው ነበር፤ አልዋሽህም። ከእሱ በኋላ አንተን ጠረጠርኩ። እስኪ ክፈታት።”

ከፈትኩ። መቅደስ ያሳየቻቸውን ቦታ በጣታቸው እያመለከቱ አስገቡኝ። የኔትወርኩ አድራሻ የሚታይበት ገጽ ሲወጣ፣ ሌሎቹ ዕቃዎች ቁጥር እንዲሰጣቸው ሳጥኑን ሲጠይቁ የእኔዋ ግን አትጠይቅም፤ ቁጥሯ በእጅ ተሞልቷል። መጨረሻው አምስት ነው። ትዝ አለኝ። ቢሮ የገባሁ ሰሞን የኮምፒዩተር ባለሙያው ከቢሮው ኔትወርክ ጋር ሊያገናኘኝ አንዳች ነገር ሲሞላ አይቼዋለሁ። የቢሮውም የቤቱም ሳጥን አንድ ዓይነት ስለነበሩ ቁጥሯ እቤትም ሠራችልኝ፤ ስለዚህ ጠይቄ አላውቅም።

“ሳጥኑ አንተ አምስትን መያዝህን አያውቅም” አሉኝ አያ ምናለ። “አልጠየቅኸውማ። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያለ በገባው ሰው ተራ ያድላል። የሚጠይቁት ሦስት ዕቃዎች ብቻ ሳሉ አምስት ላይ አይደርስም ነበር። አያሌው ሲጨመር ደረሰ። እሱ መጨረሻ ከገባ እሱ አምስትን ይወስድና ካንተ ጋር ይጣላል። እሷ መጨረሻ ከገባች እሷ ትወስዳለች። በእኛ ጊዜ ለሁለት ቤት አንድ የስልክ ቁጥር እንደማገናኘት ነው፤ ሁለቱም አያወሩም። ትናንት እሱ ቀድሞ ገባ፣ እሷ መጨረሻ ከፈተች።”

መቅደስን ያስቀራት የእኔ ላፕቶፕ ነው ማለት ነው። ከዚያ ያልኩትን ሳስታውስ ዛሬም አንገቴን እደፋለሁ። “አያ ምናለ፣ አሁኑኑ ያስተካክሉልኝ። ከነገ ጀምሮ አይቆረጥም፤ ነገሩም በዚያው ይረሳል።”

“ማስተካከሉ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው” አሉ። “አልነካትም። አንተም አትንካት። ነገ ሰው እያየ ነው የምትስተካከለው።”

“ስሜ ይጠፋል እኮ።”

“የእሱስ?”

እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው በካፖርታቸው ጫፍ እየጠረጉ አንድ ነገር አጫወቱኝ። በወጣትነታቸው በዘንገና በኩል የሚያልፍ መስመር ተበጠሰ። እሳቸው ከምሰሶው ሥር ቆመው አይተው “ተቆርጧል” ብለው ጻፉ። በዚያ ቃል አንድ ገበሬ ሽቦ ቆራጭ ተብሎ ታሰረ፤ እርሻው ያን ዓመት ጦም አደረ። ከወራት በኋላ ለሌላ ሥራ ያንኑ ምሰሶ ሲወጡ የሽቦውን ጫፍ በእጃቸው ያዙት። ዝገት በልቶት የተበጠሰ እንጂ በስለት የተቆረጠ አልነበረም።

“ሰውየው እስኪፈታ ወዲያና ወዲህ ብዬ፣ ሲፈታ ቤቱ ድረስ ሄጄ ነገርኩት። አገውኛ የለመድኩት እዚያ ቤት ስመላለስ ነው” አሉኝ። ተነሥተው በሩ ላይ ቆሙ። “እኔ ነገ አልናገርብህም። አንተ ትናገራለህ።”

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቅን ሐሳብ እያሰላሰልኩ ግን አልነበረም። ያሰብኩት እሳቸው ለምን ሊያጋልጡኝ እንደፈለጉ ነው። ከእትዬ ስመኝ ጋር ተማክረው ይሆን? አያሌው ዘመዳቸው ይሆን? ጥፋቴን በእጄ ይዤ እንኳ የምጠረጥረው ሰው እፈልግ ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በረንዳው ላይ ተሰበሰብን። ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ እትዬ ስመኝ፣ መቅደስ፣ አያሌውና እኔ። አያሌው የቻለውን ያህል ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። እትዬ ስመኝ ነገሩን ከጀመሩ በኋላ አያ ምናለ፣ “ከምስክሩ በፊት ልታዩልኝ የምፈልገው ነገር አለ” ብለው ጠረጴዛ አስወጡ።

ሁሉም ስልኩንና ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ጠረጴዛው ላይ እንዲያስቀምጥ አደረጉ። ሳጥኑን አጠፉት፣ አበሩት። የአያሌውን ስልክ እንደተዘጋ ለእትዬ ስመኝ ሰጥተው፣ “እርስዎ ይያዙት፤ ከእጅዎ እንዳይወጣ” አሏቸው። ከዚያ የመቅደስን ስልክ አስከፈቱ፣ ኮምፒዩተሯን አስከፈቱ፣ የእኔን ስልክ፣ የእኔን ላፕቶፕ። ሁሉም ይሠራል።

“አሁን አያሌው የለበትም” አሉ። “አቶ ሙሉ፣ እርስዎ የሚነካካ ስልክ አለዎት አይደል? እስኪ መቅደስ ታገናኝልዎት።”

ከሽማግሌዎቹ አንደኛው አቶ ሙሉ ስልካቸውን ከደረት ኪሳቸው በክብር አወጡ። መቅደስ የይለፍ ቃሉን ሞላችላቸው። ወዲያው የእኔ ላፕቶፕ ላይ ኢንተርኔቱ ጠፋ፤ ሌላ ዕቃ ተመሳሳይ አድራሻ እየተጠቀመ መሆኑን የሚናገር ማስጠንቀቂያ ብቅ አለ። የአቶ ሙሉም ስልክ አልከፍት አለ።

“እኔ ደግሞ ምን አደረግሁ?” አሉ አቶ ሙሉ ደንግጠው።

አያ ምናለ የሳጥኑን ዝርዝር አሳዩ። ለአቶ ሙሉ ስልክ የደረሰው ቁጥር አምስት ነበር። “ይህን ቁጥር ከእርስዎ በፊት በእጁ ጽፎ የያዘ ዕቃ አለ” አሉ። “ማንም ሰው በእርስዎ ቦታ ቢሆን ኖሮ እንዲሁ ይሆን ነበር።”

“ታዲያ የያዘው ማነው?” አሉ እትዬ ስመኝ። የአያሌውን ስልክ የያዘው እጃቸው ወደ ጭናቸው ወርዷል።

አያ ምናለ ጠረጴዛውን እንጂ እኔን አላዩም። አንዲት ባጃጅ በአስፋልቱ አልፋ ድምፅዋ ጠፋ።

“የእኔ ናት” አልኩ። “የቢሮ ሰው ነው የሞላት። አላወቅሁም ነበር።”

አላወቅሁም ነበር ስል አያ ምናለ ቀና ብለው አዩኝ። ከትናንት ጀምሮ ማወቄን ከእኛ ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ የለም። ላፕቶፗን ወደ እኔ ገፉልኝ። የተሞላውን ቁጥር አጥፍቼ ቁጥሯን ከሳጥኑ እንድትጠይቅ አደረግኋት። የአቶ ሙሉ ስልክ ወዲያው ተከፈተ።

እትዬ ስመኝ ተነሥተው አያሌውን፣ “ልጄ፣ ይቅር በለኝ” አሉት፤ ጉልበቱን ሊነኩ ሲሉ ያዛቸው። “ይቅር ብያለሁ እትዬ” አላቸው። “ክፍሉን ግን እለቃለሁ።” መቅደስ አለቀሰች፤ ስለ ማመልከቻዋ ነው ወይስ ስለ እሱ እንጃ።

በሁለት ሳምንቱ አያሌው ወደ ዳንግላ ተዛወረ። ዕቃውን ጭኖ ሲወጣ ከአያ ምናለ ጋር ተቃቅፈው ቆዩ። በእኔ በር ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠኝ፣ እንደ ልማዱ። ብቀጣ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

አያ ምናለ ከዚያ በኋላም ጎረቤቴ ሆነው ቆዩ። ስለዚያ ቅዳሜ አንዴም አላነሡብኝም። ሻይ እንጠጣለን፣ ስለ ምሰሶ ያወሩኛል፣ ቢሮ ውስጥ ስላየሁት ነገር ሳወራቸው “የት ቆመህ?” ይሉኛል። እኔ ግን አንዳንዴ ዝም ሲሉ፣ አሁን ያነሡታል እያልኩ እጠብቅ ነበር። ከዓመት በኋላ ጉልበታቸው ሲደክም እኅታቸው ዳንግላ ወሰዷቸው። ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠየቅኋቸው። ሁለቱንም ጊዜ ልናገር ብዬ አፌን ከፍቼ ስለ ጤናቸው ጠይቄ ተመልሻለሁ።

በሠልስታቸው ቀን ዳንግላ ስደርስ ድንኳኑ በሰው ሞልቷል። እኅታቸውን አጽናንቼ ባዶ ቦታ ስፈልግ ከወደ ጥግ አንድ ረጅም ሰው ጠጋ ብሎ በእጁ ጠራኝ። አያሌው ነው። አግዳሚው ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጋቢውን ወደ ራሱ ሰብሰብ አድርጎ ቦታ ሰጠኝ።

“በየሳምንቱ እጠይቃቸው ነበር” አለኝ። “ደም ግፊታቸውን የምለካው እኔ ነበርኩ። መሣሪያው ልክ መሆኑን ለማረጋገጥ መጀመሪያ የእኔን እንድለካ ያስገድዱኝ ነበር።”

ሳቅን፤ ከፊታችን ያሉ ሴቶች ዞረው አዩን።

“ስለ አንተም ነግረውኛል” አለኝ። “መጀመሪያ ሆን ብለህ ያደረግኸው ነበር የመሰለኝ። አላወቀም አሉኝ።”

እዚያ ላይ ልተወው እችል ነበር። ሰውየው ይቅር ብሎኛል፤ የሚያውቁት ሽማግሌም ተቀብረዋል።

“አያሌው” አልኩት፣ “እሑድ አላወቅሁም ነበር ያልኩት ውሸት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ነግረውኝ ነበር። አውቄ ነው ዝም ብዬ የተቀመጥኩት። አንተን ሊያስወጡህ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ እኔ አውቅ ነበር።”

አያሌው አልዞረም። እኅታቸው ወደሚያለቅሱበት አቅጣጫ እያየ ቆየ።

“እሱንም ነግረውኛል” አለኝ። “ራሱ ይነግርሃል፣ ጠብቀው አሉኝ። ሁለት ዓመት ጠበቅሁ።”

ከዚያ ተነሣ። ሊሄድ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ጥቂት ቆይቶ በሁለት ብርጭቆ ውኃ ይዞ ተመለሰ፤ አንዱን ሰጠኝና አጠገቤ ተቀመጠ።